የእድራችንን ማገዶ ስንፈልጥ፦ የትኛው መሣሪያ ለየትኛው ግንድ?

ቅዳሜ ጠዋት

የእድራችን ማገዶ ዛሬ ግቢያችን ውስጥ ተራገፈ። ሠፈራችን ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። እድራችን ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ትልልቅ ድስት ብቻ ሳይሆን ማገዶም ያስቀምጣል። ለቅሶ ቀጠሮ የለውም። ሰው ሲያርፍ እናቶች በዚያው ሰዓት ድስት ይጥዳሉ። ያን ጊዜ እንጨት ፍለጋ መሯሯጥ ለእድሩም ለሐዘንተኛውም ከባድ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ተፈልጦ፣ ደርቆ፣ ተደርድሮ መጠበቅ አለበት። የዘንድሮውን እኔ ከሠፈሩ ወጣቶች ጋር ልሠራው ወስኛለሁ።

ማስታወሻውን የምጽፈው ለአንድ ጥያቄ ብዬ ነው። ሰዎች «ጥሩ መጥረቢያ የቱ ነው?» ይሉኛል። ጥያቄው መነሳት ያለበት ከመጥረቢያው ሳይሆን ከእንጨቱ ይመስለኛል። እዚህ ክምር ላይ ይህንን በደንብ ማሳየት ይቻላል፤ ምክንያቱም ክምሩ አንድ ዓይነት አይደለም።

አብዛኛው ከደንገጎ በኩል በአይሱዙ የመጣ ባህር ዛፍ ነው። ቀጥሎ የኒም ግንድ አለ። ይህ የራሳችን ሠፈር ዛፍ ነበር፤ ቅርንጫፉ ከመብራት ሽቦ ጋር ስለተገናኘ ነው የተቆረጠው። ጥቂት ግራርም አለ። ሁሉም በመጋዝ ክንድ በማይሞላ ርዝመት ተቆራርጧል። የቀረው መፍለጥ ብቻ ነው።

ዛሬ አንድም አልፈለጥንም። ግንዶቹን እያገላበጥን በሦስት ቦታ ለየናቸው፤ ቀጥ ያለውን ለብቻ፣ ጉጥ የበዛበትን ለብቻ፣ ባላ የሆነውን ለብቻ። ይሄ ጊዜ የሚበላ ይመስላል፤ ግን የሳምንቱን ድካም የሚቀንሰው እሱ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት

ፀሐይዋ ከረር ስትል ወደ ጥላ ገብተን የተሰበሰቡትን መሣሪያዎች አየን። ሁሉም ከየቤቱ የመጣ ነው። ከባሌስትራ የተቀጠቀጠ ስስ መጥረቢያ፣ ሌላ ዛቢያው የላላ መጥረቢያ፣ አንድ ትንሽ ጥልቆ፣ ትልቅ መዶሻ፣ ሁለት የብረት ሽብልቅ። ሽብልቆቹ የአባባ ናቸው። አባባ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ ብረት የሚያውቅ እጅ አላቸው።

ከባሌስትራ የተሠራው መጥረቢያ በጣም ጥሩ ዕቃ ነው። የመኪና ባሌስትራ ጠንካራ ብረት ነው፤ ስለት ይይዛል፣ ቶሎ አይዶለድምም። ገጠር ብትሄዱ ዛፍ የሚቆረጠው በእንዲህ ያለው ነው። ግን የተሠራው ለመቁረጥ ነው እንጂ ለመፍለጥ አይደለም። ሁለቱ ሥራዎች ይለያያሉ።

ስትቆርጡ የእንጨቱን ክር በአግድም ትበጥሳላችሁ። ለዚህ ስስና ስል ብረት ያስፈልጋል። ስትፈልጡ ግን ክሩን አትበጥሱም፤ አንዱን ከሌላው ታለያያላችሁ። ስለቱ ገብቶ በር ከከፈተ በኋላ ሥራውን የሚጨርሰው ጉንጩ፣ ማለትም ከስለቱ በላይ ያለው የብረቱ ጎን ነው። ጉንጩ ሰፊ ከሆነ እንጨቱን ግራና ቀኝ ይገፋዋል። ጉንጩ ስስ ከሆነ ስለቱ ጠልቆ ይገባና እዚያው ይቀረቀራል። ብዙ ሰው «መጥረቢያዬ ደነዘ» ብሎ የሚስለው በዚህ ጊዜ ነው። በሳለው ቁጥር የበለጠ ይቀረቀራል።

እሑድ ጠዋት፣ ባህር ዛፉ

ከ12 ሰዓት ጀምረን እስከ 3 ሰዓት ሠራን። ድሬዳዋ ላይ ከዚያ በኋላ መጥረቢያ ማንሳት ራስን መጉዳት ነው። ላብ ዛቢያውን ያንሸራትተዋል፤ የደከመ እጅ ደግሞ ዒላማ ይስታል።

ባህር ዛፉ ገና እርጥብ ነው። ይሄ ዕድል ነው። ባህር ዛፍ እርጥብ ሳለ ለመፍለጥ ይቀላል፤ ከደረቀ በኋላ ግን ይጠነክራል። «ይድረቅና እንፈልጠዋለን» የሚሉ ሰዎች አሉ። ለባህር ዛፍ ይሄ አይሠራም። ደግሞም ሳይፈለጥ በደንብ አይደርቅም። ቅርፊቱ ውኃውን አፍኖ ይይዘዋል፤ ውኃው በብዛት የሚወጣው በተቆረጠው ጫፍና በተፈለጠው ፊት በኩል ነው። ገና የተቆረጠ እንጨት እንደ ዓይነቱ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ሊሆን ይችላል። ጥሩ ሆኖ እንዲነድ ከ20 በመቶ በታች መውረድ አለበት። አለበለዚያ እሳቱ ጉልበቱን ውኃ በማፍላት ይጨርሰዋል። ጭሱን የሚውጡት ደግሞ ድስቱ ሥር የሚንበረከኩት እናቶቻችን ናቸው። እኔ ይህን ሥራ አጥብቄ የያዝኩት ለዚህ ነው።

ቀጭኖቹንና ቀጥ ያሉትን የባሌስትራው መጥረቢያ ያለ ችግር ፈለጣቸው። ስለዚህ መሣሪያው አይረባም ማለት አይደለም። ክሩ ቀጥ ያለ፣ ጉጥ የሌለው፣ ውፍረቱ ከጭን የማይበልጥ እርጥብ ባህር ዛፍ ካላችሁ ሌላ ምንም አትግዙ። ቤታችሁ ያለው ይበቃል።

አመታቱን ለወጣቶቹ እንዲህ ነው ያሳየሁት። በመጀመሪያ የግንዱን ፊት ማየት። የተቆረጠ ጫፍ ፀሐይ ሲመታው ከውስጡ ቀድሞ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ይሰነጠቃል። እንጨት ዙሪያውን የሚኮማተረው ከልቡ ወደ ቅርፊቱ ከሚኮማተረው ወደ እጥፍ በሚጠጋ መጠን ነው። ስንጥቁ ሁልጊዜ ከልቡ ወደ ቅርፊቱ የሚዘረጋው ለዚህ ነው። ያ ስንጥቅ «እዚህ ምታኝ» ብሎ የሚናገር መስመር ነው። ስለታችሁን በሱ ላይ አሳርፉ። የድሬ ፀሐይ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ መስመሩን ያወጣልናል።

ሁለተኛው፣ ወፍራሙን ግንድ መሐሉን አለመምታት። ከዳር ጀምሮ እየላጡ ወደ ውስጥ መግባት ይሻላል። ሦስተኛው፣ ጉጥ ካለ ጉጡን ለመክፈል አለመታገል። ጉጥ ማለት ቅርንጫፍ ተነስቶ የወጣበት ቦታ ነው፤ ክሩ እዚያ ጋ ይጠማዘዛል። ጉጡ ሙሉውን በአንድ ፍልጥ ላይ እንዲቀር ከጎኑ ምቱ።

ማክሰኞ፣ ኒሙ

ኒም ጥላው የሚመሰገን ዛፍ ነው። ድርቅና ሙቀት ይችላል፤ ለዚህ ነው ከተማችን ውስጥ በየመንገዱ የምናየው። የመጣው ከሕንድ በኩል ነው፤ ወገኑም ከማሆጋኒ ጋር አንድ ነው። እዚህ ላይ ነው ችግሩ። እንደ ማሆጋኒ ሁሉ የኒምም ክር ብዙ ጊዜ ቀጥ ብሎ አይወርድም። የአንድ ዘመን እድገቱ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ የቀጣዩ ወደ ግራ። ክሮቹ እንደ ተጎነጎነ ፀጉር ተያይዘዋል። ጫፉ ላይ ስንጥቅ ብታዩም ስንጥቁ ወደ ታች ቀጥ ብሎ አይሄድም።

የባሌስትራው መጥረቢያ እዚህ ላይ አበቃለት። ገባ፤ ተቀረቀረ። አወጣነው፤ እንደገና ተቀረቀረ። ከወጣቶቹ አንዱ መዶሻ አንስቶ የተቀረቀረውን መጥረቢያ ጀርባ ሊመታ ሲል አባባ ከበረንዳው ጮኹ፦ «ተው ልጄ! ያ ለመመታት የተሠራ አይደለም።» ልክ ናቸው። የተራ መጥረቢያ ጀርባ መዶሻ አይችልም። የዛቢያው መግቢያ ዙሪያ ያለው ብረት ስስ ነው፤ ይሰፋል ወይም ይሰነጠቃል። ብረት ከብረት ሲጋጭ የሚፈናጠር ፍንጣሪም ዓይን ያጠፋል። መመታት ያለበት ለዚያ የተሠራው ሽብልቅ ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ አንድ ቀጥቃጭ ሄድን። ያዘዝነው ሰፊ ጉንጭ ያለው መፍለጫ ነው። ካረጀ የመኪና አክስል ላይ ቆርጦ ሊሠራልን ተስማማ። ምን ምን እንዳልነው ልጻፍ፤ ሌላ ሰውም ሲያዝዝ ይጠቅመዋል።

ክብደቱ ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ ይሁን አልነው። ወጣቶቹ 5 ኪሎ ይሁን ብለው ነበር። ከባድ ብረት ብዙ ሥራ ይሠራል የሚለው ሐሳብ ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ። ክብደቱን እጥፍ ብታደርጉ የምቱ ጉልበት እጥፍ ይሆናል። ፍጥነቱን እጥፍ ብታደርጉ ግን አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በፍጥነት ማውረድ የምትችሉት 2.5 ኪሎ፣ እየተንገዳገዳችሁ ከምታነሱት 5 ኪሎ ይበልጣል። ክብደት የራሱ ጥቅም አለው፤ ጠማማ ክር ውስጥ ሲገባ ቶሎ አይቆምም። ግን ልኩ የሚወሰነው በሰውዬው አቅም ነው። ቀኑን ሙሉ በትክክል ልታነሱት የማትችሉት መሣሪያ የእናንተ አይደለም።

ጉንጩ ከስለቱ ጀምሮ ቶሎ እንዲሰፋ ነገርነው። ስለቱም እንደ ምላጭ እንዳይሆን። መፍለጫ የሚያስፈልገው እንጨቱን ነክሶ የሚይዝ ጫፍ ነው፤ ከዚያ በላይ ብትስሉት ጫፉ ስለሚሳሳ ጉጥ ሲያገኝ ይሸረፋል። አባባ ደግሞ አንድ ነገር ጨመሩ፦ ውኃ ውስጥ ሲነከር ስለቱ ብቻ ይጠንክር፣ ከዚያም ለስለስ እንዲል እንደገና ትንሽ ይሞቅ፤ ጀርባው ግን ከነጭራሹ አይጠንክር። ሙሉ በሙሉ የጠነከረ ብረት ተሰባሪ ነው። ቀጥቃጩ ሰምቶ ፈገግ አለና «አባባ፣ እርስዎ ቢሠሩት ይሻል ነበር» አላቸው።

ረቡዕ

የዛቢያ ቀን። የላላው መጥረቢያ ላይ ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ልናደርግ ነበር፤ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ። ለዛሬ ይሠራል። እንጨቱ ያብጣል፣ ብረቱን ያጠብቃል። ግን ያበጠው እንጨት ብረቱ ውስጥ መስፊያ ስለሌለው ራሱን ይጨፈልቃል። ሲደርቅ ከበፊቱ የባሰ ይላላል። እንደ እኛ ባለ ደረቅና ሞቃት ከተማ ይሄ በሳምንት ውስጥ ይመጣል። የላላ ብረት ደግሞ በአንድ ምት ነቅሎ ሰው ላይ ይሄዳል።

ዘላቂው መፍትሔ አዲስ ዛቢያ ነው። ወይራ መረጥን። ጠንካራ ነው፣ ምት ይችላል። በደንብ የደረቀ መሆን አለበት፤ እርጥብ ዛቢያ ብረቱ ውስጥ እያለ ይኮማተራል። ክሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ መሄዱን አይተን ነው የመረጥነው። ክሩ በጎን የሚወጣ ከሆነ እዚያው ቦታ ላይ ይሰበራል። ርዝመቱ ለቁመቴ 85 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ተስማማኝ። አጭር ዛቢያ አደጋ አለው፤ ዒላማ ከሳታችሁ ስለቱ ወደ እግራችሁ ይመጣል። ረጅሙ መሬቱን ነው የሚመታው።

ጫፉን በመጋዝ ሰንጥቀን ትንሽ የእንጨት ሽብልቅ አስገባንበትና የተልባ ዘይት ቀባነው። ዘይቱ እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ እርጥበት ቶሎ እንዳይገባና እንዳይወጣ ይከላከላል። ቀለም ወይም ቫርኒሽ አልተጠቀምንም፤ እጅ ያቆስላል።

ሐሙስ

መፍለጫው ደረሰ። በጣም ደስ ይላል። የመጀመሪያውን የኒም ግንድ ላይ ሳሳርፈው አልተቀረቀረም፤ አልተከፈለምም። ሁለተኛው ምት ላይ ድምፁ ተለወጠ። ይህን ድምፅ መስማት ተለማመዱ። ያልነካችሁት እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ውስጡ መሰንጠቅ ሲጀምር ድምፁ ይሰባበራል፣ ይደፈናል። ያን ስትሰሙ ቦታ አትቀይሩ። እዚያው መስመር ላይ ድገሙ። ለኒም ትዕግሥት ማለት ይሄ ነው፤ በየቦታው ከመበተን አንድ መስመር ላይ መጽናት።

አብዛኛው ኒም በዚህ ተፈለጠ። ሁለት ክንድ የማያቅፈው ከሥሩ የተቆረጠው ግንድ ግን እምቢ አለ። ለሱ የአባባ ሽብልቆች መጡ። ከዳር አንዱን ሽብልቅ በቀላሉ መትቶ ማስቆም፤ ከዚያ በትልቁ መዶሻ ማውረድ። ስንጥቁ ሲከፈት ሁለተኛውን ሽብልቅ ከፊቱ ማስገባት። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ይለቃል። ሁለት ሽብልቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ አንድ ብቻ ካላችሁ ሲቀረቀር የምታወጡበት የላችሁም። ሁለተኛ ከሌላችሁ ከወይራ ጠርባችሁ ማስገባት ትችላላችሁ።

ከመጀመራችን በፊት አባባ የሽብልቆቹን ራስ አሳዩን። ብዙ የተመታ ሽብልቅ ራሱ እንደ እንጉዳይ ይገለበጣል። ያ የተገለበጠው ጠርዝ በምት ጊዜ ተሰብሮ እንደ ጥይት ይወጣል። በግራይንደር አስላጭተናቸው ነው የሠራነው። መነጽርም አድርገናል፤ ብየዳ ቤት የሚሸጠውን ነጩን። ይሄ ለምርጫ የሚቀርብ አይደለም። ሽብልቅ የምትመቱ ከሆነ መነጽር አድርጉ።

ቀኑን ሙሉ ሽብልቅ መምታት አይመከርም። አዝጋሚ ነው፤ ወገብም ይበላል። መፍለጫው ለሚችለው መፍለጫ፣ ለማይችለው ብቻ ሽብልቅ።

ቅዳሜ

የቀረው ግራርና ማቀጣጠያ ነበር። ግራሩ ከባድ ነው፤ ግን ክሩ ከኒሙ ይሻላል፤ በመፍለጫው ሄደ። ከመፍለጣችን በፊት እሾሃሙን ቅርንጫፍ በጥልቆው መልምለናል። ስለ ግራር ሌላ የምለው የለኝም።

ማቀጣጠያ ላይ ግን ልቆይ፤ ጣት የሚጠፋው እዚህ ነው። ሰው ትልቁን ግንድ ሲፈልጥ ይጠነቀቃል። ትንሹን ፍልጥ በግራ እጁ ይዞ በጥልቆ ሲመታ ግን ይዘናጋል። እንዲህ አድርጉ፦ የጥልቆውን ስለት ፍልጡ ራስ ላይ አስቀምጡ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ አንስታችሁ ጉማጁ ላይ (እንጨት ስንፈልጥ ከሥር የምናደርገው ግንድ) ጠቅ አድርጉ። ስለቱ ይነክሳል። ከዚያ እጃችሁን ከፍልጡ ላይ አንሱና አንድ ላይ እንደ ተያያዙ ደግማችሁ ምቱ። ወይም ስለቱን አስቀምጡና ጀርባውን በሌላ የእንጨት ቁራጭ ምቱት። በእንጨት ነው፣ በመዶሻ አይደለም። ለዚህ ሥራ መፍለጫው አይሆንም፤ በአንድ እጅ ልክ ማሳረፍ አይቻልም። ቀላልና ስል ጥልቆ ነው ቦታው።

ከወጣቶቹ አንዱ ያረጀ የአይሱዙ ጎማ አንከባሎ መጣና ጉማጁ ላይ አስተኛው። ግንዱን ጎማው ውስጥ አቁመን ስንፈልጥ ፍልጡ አይበተንም፤ ዙሪያውን እየዞርን መምታት ብቻ ነው። ዒላማ የሳተ ምትንም ጎማው ይቀበለዋል። በጣም ወደድኩት። ጎረቤት ሁሉ ሊያይ መጣ። መጠንቀቅ ያለባችሁ ጎማው ግንዱን በጣም እንዳያጣብቀው ነው፤ ለመከፈቻ ቦታ ይኑረው። ጉማጁም ከጉልበት ዝቅ ያለ ይሁን። ከፍ ካለ መፍለጫው ሙሉ ፍጥነት ሳይደርስ እንጨቱ ላይ ያርፋል። ስለቱ ሲያርፍ ጉልበታችሁን ትንሽ እጠፉ፤ ያን ጊዜ ቀጥ ብሎ ይወርዳል።

ከእድሩ አባላት አንዱ በሞተር የሚሠራ የሃይድሮሊክ መፍለጫ እንዲገዛ ሐሳብ አቅርበዋል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ሃይድሮሊክ አይመታም፤ ሽብልቅ ላይ ቀስ ብሎ ይጫናል። ጠማማ ክርም ጉጥም አይበግረውም። ለማገዶ ነጋዴ ወይም ለትልቅ ዳቦ ቤት ገንዘቡን ይመልሳል። በዓመት አንድ ክምር ለሚፈልጥ እድር ግን ነዳጁ፣ ዘይቱ፣ የጎማ ማኅተሙ ቅያሪ ሌላ ወጪ ነው። እኔ የምመርጠው ሁለተኛ መፍለጫና ሁለት ተጨማሪ ሽብልቅ ነው። ኮሚቴው በሚቀጥለው ስብሰባ ይወስን።

እሑድ

ድርደራ። መሬት ላይ አላስቀመጥንም፤ ምስጥ ይበላዋል። ከሥሩ ድንጋይ፣ ከድንጋዩ በላይ አግዳሚ፣ ከዚያ እንጨቱ። ከግድግዳው ትንሽ አራቅነው፤ ነፋስ በኋላውም እንዲገባ። ቆርቆሮ ከላይ ብቻ አለበስነው። ዙሪያውን በላስቲክ መሸፈን እርጥበቱን ያፍነዋል። ባህር ዛፉን ከኒሙ ለይተን ነው የደረደርነው፤ እናቶች ቶሎ የሚነደውንና ቆይቶ የሚነደውን ሳይፈልጉ እንዲያገኙ።

ባላዎቹ ቀርተዋል። ግንዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ክሩ እርስ በርሱ የተጣበቀ ነው፤ መፍለጫም ሽብልቅም ብዙ ይፈጃል። እትዬ መጥተው አዩና «ለምን ትደክማላችሁ? ለትልቁ ድስት እንደሱ እንማግደዋለን» አሉን። ከድስቱ ሥር የሚያልፉትን ለብቻ ከመርናቸው። ለማያልፉት መጋዝ ያለው ሰው ሰኞ ይመጣል።